ዓሣዋን በሞቴ ያልኳት ጊዜ

ልጄ ወደ ጅቡቲ ልትሄድ ሁለት ወር ሲቀራት አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ በባጃጅ አስጭና ቤት አስገባች። ሳሎን ውስጥ፣ ድሮ የአባቷ ሬዲዮ ይቀመጥበት በነበረው ጥግ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ የዕቃ መደርደሪያ መስሎኝ ዝም አልኩ። በርሜል ውስጥ ያደረ ውሃ በባልዲ እያመላለሰች ስትሞላው ነው የነቃሁት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"የዓሣ ቤት ነው እማዬ።"

"እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ ዓሣ? ለሰውስ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ አይደለም እንዴ?"

"አቦ እማዬ፣ አንዴ ከሞላ በኋላ እኮ በሳምንት ሲሶውን መቀየር ብቻ ነው።"

እውነቱን ልናገርና፣ ያናደደኝ ውሃው አልነበረም። ነገሩ ገብቶኛል። አባቷ ካረፈ ጀምሮ በዚያ ጣሪያው ሩቅ በሆነ የባቡር ዘመን ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። አሁን ወደብ ላይ አንድ የትራንዚት ቢሮ ሥራ አግኝታለች። እናቷ ከግድግዳ ጋር እንዳታወራ ዓሣ ልትተውላት ነው። በልጅ ፋንታ ዓሣ! እስቲ ይሄን ማን ይወዳል?

ማጣሪያውን ሰካችና አምስት ሳምንት ሙሉ ዓሣ የሌለበትን ውሃ አስዞረችው። ባዶ ውሃ ሲንቦጫረቅ እየሰማሁ ልጅቷን ምን ነካት እል ነበር። ለካ ውሃው መሰናዳት አለበት። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይራባሉ፣ የዓሣውን ቆሻሻ የሚጨርሱት እነሱ ናቸው አለችኝ። ስፖንጁን በሳሙና ካጠብኩት ግን ሁሉም ያልቃሉ፣ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ነው የሚለቀለቀው። ይሄን ሦስት ጊዜ ደግማ አስማለችኝ። በረኪና ካየሁ እጄ እንደማያርፍ ታውቃለቻ።

ዓሦቹ ከአዲስ አበባ ውሃና አየር በተሞላ ላስቲክ መጡ። ሁለት ናቸው። ወርቃማ ዓሣ ይበሏቸው እንጂ አንዱ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፣ ዓይኑ እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ወደ ውጭ ፈጧል። ሌላዋ ቀይ ወርቅማ ናት፣ አናቷ ላይ ነጭ እብጠት አላት፣ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች። እኔም ባለሻሿ አልኳት። ሁለቱም ሆዳቸው እንደ ሎሚ ክብ ነው፣ ጅራታቸው ደግሞ እንደ ሽቲ ቀሚስ ሰፊ ነው። ሲዋኙ አይሮጡም፣ ይንጎራደዳሉ። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ በሁለተኛው ቀን ወደድኳቸው።

"ቀን አንድ ጊዜ" አለችኝ ልጄ ሻንጣዋን እየዘጋች። "በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገሽ። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። ገላቸው አጭር ነው፣ አንጀታቸው የተጣጠፈ ነው፣ ሲበዛባቸው ይገለበጣሉ። እኔ እስክመጣ ጠብቂልኝ። በጥምቀት እመጣለሁ።"

"እጠብቅልሻለሁ" አልኳት።

ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው አዲሱ ባቡር ጣቢያ ሸኝቻት ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ገና በሩን ስከፍት ሁለቱም ወደ መስታወቱ መጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጉ ጀመር። ቆንጠር አድርጌ ሰጠኋቸው። ጨረሱና እንደገና መጡ። እንደገና አፋቸውን ከፈቱ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ልጇን ያን ቀን የሸኘች እናት ምን ታድርግ?

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። ልጄ ስትወለድ የእጅ ጓንት የምታክል ነበረች። አትኖርም ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ያሳደግኳት በጉርሻ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል እላለሁ፣ ሁለተኛውን አጎርሳለሁ፣ ለሦስተኛውም ለአራተኛውም ሰበብ አላጣም። አፏን ስትዘጋብኝ "በሞቴ" እላታለሁ። እንባዋ ወጡ ላይ እየወረደ ትውጣለች። የሰባት ዓመት ልጅ እያለች አንድ ቀን ጉርሻውን ጉንጯ ውስጥ ይዛ "እማዬ፣ እምቢ ካልኩ የምር ትሞቻለሽ?" አለችኝ። ስቄ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁት። ለምን እንደሳቅኩ አሁን ሳስበው አላውቅም።

ዓሦቹንም እንዲያው አደረግኳቸው። ቁርስ ስበላ ከፉርኖው ዳቦ ለስላሳውን ፈርፈር አድርጌላቸው ነው። ብቻዬን መብላት ነውር ነዋ። እንግዳ የመጣ እንደሆነም ባዶ እጁን አያያቸውም። ከሁሉ የባሰችው ጎረቤቴ ነበረች። ቀፊራ ገበያ ሽቲ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፣ ከገበያ ስትመለስ እኔ ዘንድ ሳትቀመጥ ቤቷ አትገባም። ሳምቡሳዋን እየበላች ቅርፊቱን ትጥልላቸዋለች።

"አባዮ፣ ጥቁሩ የኔን እጅ ለይቷል ወላሂ" ትለኛለች። አባዮ ማለት በቋንቋዋ እህቴ ማለት ነው።

በሙቀቱ አልታማም። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም በረዶ የሠራ ሃይላንድ ውሃው ላይ አንሳፍፋለሁ። ውሃውን በየሳምንቱ እቀይራለሁ፣ ስፖንጁንም ሳሙና አላስነካሁትም። ቃሌን የበላሁት በሆዳቸው ብቻ ነው።

ለጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጥቁሩ ዓሣ በጀርባው ተንሳፍፎ አገኘሁት። ነክቼ አገላበጥኩት፣ መልሶ ተገለበጠ። በማግስቱ ሞተ። ጓሮ ያለው ጊሽጣ ሥር ቀበርኩት። ልጄ በቪዲዮ ስትደውል "ጥቁሩስ?" አለችኝ፣ "ድንጋዩ ጀርባ ተኝቷል" አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ለዓሣ ብዬ ዋሸሁ። ጥምቀትም ደረሰ፣ ልጄ ፈቃድ ተከለከለች። "ለፋሲካ" አለችኝ።

መንፈቅ ያህል አንሶላዋን እያጠብኩ መልሼ አነጥፍ ነበር። ማንም አልተኛበትም እኮ፣ ምኑን እንደማጥበው እግዜር ይወቅ። ናፍቆት ሲይዘኝ እጄ ወደ ዳቦው ይሄዳል፣ ከዳቦው ወደ ገንዳው። እሷን ማጉረስ ሲያቅተኝ ነው እነሱን የማጎርሰው። ይሄን ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።

ፋሲካም ያለ እሷ አለፈ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለሻሿ ተንጋደደች። ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ ጅራቷ ወደ ላይ። ያኔ ወንበር ስቤ ፊቷ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ ባዶ ገንዳ ብታገኝ ምን እላታለሁ? አንድ ነገር ጠብቂልኝ ነው ያለችኝ። ስልኩን አንስቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ የጥቁሩንም ጭምር።

ልጄ "ምን ምን ነበር የምታበያቸው?" አለችኝ። ቆጠርኩላት። ዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ አንድ ሁለት ቀን ሩዝ።

"እማዬ" አለችኝ፣ ሳቅ እያለች፣ "እኔንም እኮ እንዲሁ ነበር ያደረግሽኝ።"

ለጨዋታ ነው ያለችው። እኔ ግን ልቤ ላይ ቀረ።

መድኃኒቱ ጾም ነው አለችኝ። ሦስት ቀን ምንም አትቀምስም። በአራተኛው ቀን የተቀቀለ አተር፣ ልጣጩ ተነሥቶ፣ ከእህል ፍሬ የማትበልጥ። ጾም ከሆነማ እኔ አላንስም ብዬ ወረቀት ላይ "ጾም ላይ ናት" ብዬ ጽፌ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ጎረቤቴ አንብባ ሳምቡሳዋን ወደ መጠቅለያዋ መለሰች።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታፈጥረው?"

"በአራተኛው ቀን።"

"ወላሂ ከእኛም ከእናንተም ትብሳለች" አለች።

እነዚያ ሦስት ቀናት ከአርባ ቀን ጾም በላይ ረዘሙብኝ። ባለሻሿ እየተንጋደደች፣ እየወደቀች እየተነሳች ወደ መስታወቱ ትመጣለች፣ አፏን ትከፍትልኛለች። እኔ ሁለት እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። "በሞቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ" አልኳት አንዴ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። በሞቴ ብዬ አትብዪ ያልኩት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

በአራተኛው ቀን አተሩን ልጬ፣ አድቅቄ ሰጠኋት። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ቀጥ ብላ ዋኘች። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት፣ ሆነ። ለልጄም እንዲሁ ይሁን ብዬ ወሰንኩ። በየቀኑ ስደውል የመጀመሪያ ቃሌ "በላሽ? ምን በላሽ?" ነበር፣ እሱን ተውኩት። ስለ ቢሮዋ እጠይቃለሁ፣ ስለ ሙቀቱ እጠይቃለሁ፣ ደህና ዋይ ብዬ እዘጋለሁ። ምላሴን መንከስ ቢያምም አስተዋይ የሆንኩ መሰለኝ። የስልኩ ወሬ እያጠረ ሲሄድ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ።

የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ሦስት ቀን ፈቃድ አግኝታ መጣች። ከስታለች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ገንዳው ፊት ቆመች፣ ባለሻሿም እየተንጎራደደች መጣችላት። ጡጫ አክላለች።

"ጠብቀሽልኛል" አለችኝ።

"አንዷን" አልኳት።

ምንቸት አብሽ ሠርቼ ነበር፣ የምትወደውን። አንድ ጊዜ አጎረስኳትና እጄን ሰበሰብኩ። ጥቂት በላች፣ ከዚያ እጇን አነሳች።

"በቃሽ?"

"በቃኝ።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ትሪውን አንስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ተቀይመሽኛል?"

"ምን አድርገሽኝ?"

"በሞቴ አላልሽኝም።" ወለሉን ነው የምታየው። "ስልክ ላይም መጠየቅ ከተውሽ ቆየሽ። እዚያ ቆሜ ነው የምበላው፣ ምድጃው አጠገብ። ሰው ቤት ስጋበዝም በቃኝ ስል፣ በቃ፣ ሳህኑን ያነሱታል።"

ዓሣዋን ያዳንኩበትን ነገር ልጄ ላይ ነበር የፈጸምኩት። ትሪውን መልሼ አወረድኩና እዚያው ወጥ ቤት ዱካ ላይ አስቀመጥኳት። እጄን ታጠብኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል አልኩ፣ ሁለተኛውን ደገምኩ። ሦስተኛውን ጠቀለልኩ፣ ትልቅ አደረግኩት።

"በቃኝ" አለች።

"በሞቴ።"

አፏን ከፈተች። ጉርሻውን ጉንጯ ውስጥ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ አየችኝ።

"እምቢ ካልኩ የምር ትሞቻለሽ?"

"አዎ" አልኳት።