ድንጋይ ሥር የገባ ዓሣ

አሰብ ወደብ ስሠራ ዓሣ የማጠምድባትን የክር መጠቅለያ መዘውር አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ድረስ ይዣት መጥቼ ነበር። ማርሽ የሌላት፣ በአውራ ጣት ብቻ የምትገታ አሮጌ ናት።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ እንደኔው ታክሲ ከሚነዳ ባልደረባዬ ጋር የከተማዋ የውኃ ማጠራቀሚያ ግድብ ላይ ቆመን ሳለ ትልቅ ዓሣ ያዝኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ድንጋይ ሥር ገብቶ ተወሸቀ።

«ጋሼ፣ ይጎትቱት እንጂ!» አለኝ ባልደረባዬ።

«ብጎትተው ድንጋዩ ክሩን ይቆርጠዋል» አልኩና ክሩ እንዲላላ ጣቴን ከመዘውሯ ላይ አነሳሁ። አሰብም የባሕሩ ሥር ድንጋይ ስለሆነ፣ ክሩን አላልተን ዓሣው ተለቀቅኩ ብሎ እስኪወጣ እንጠብቅ ነበር።

«ምሳውን እስኪጨርስ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኋላ ዓሣው ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ ክሩን ሲስብ መዘውሯ ዝግ ብላ መዞር ጀመረች። አሰብ አብሮኝ የሚያጠምደው ወዳጄ ይሄኔ «በል አሁን!» ይለኝ ነበር። እኔው ለራሴ «በል አሁን!» ብዬ ጠቀለልኩ፤ ዓሣው መጣ።