በማለዳ የመጣው የምሥራች

ይህ የደረሰው በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ሸንጎ የሚባለው ምክር ቤት ተቋቁሞ በየሰፈሩ ተወካይ መርጣችኋል በተባልንበት ጊዜ። ዕድሜ ሰጥቶኝ ብዙ ልቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። እትዬ አስካለ ቤት የተቀመጥኩት ግን ከሁሉም ይለይብኛል። እስከ ዛሬ ድረስ በማለዳ በሬ ከተንኳኳ ልቤ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም።

ያኔ የምኖረው እሪ በከንቱ ሰፈር ነበር። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። እትዬ አስካለ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ እሳቸው ቤታቸው ሲያነጥሱ እኔ ከቤቴ ሆኜ «ይማርዎ!» እላለሁ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ታምራት የሚባል። እሱንም ብሔራዊ ውትድርና ወሰደባቸው። መጀመሪያ አካባቢ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

የሰፈራችን የሸንጎ ተወካይ መምህር ውብሸት ይባላሉ። ምርጫው ምን ዓይነት ምርጫ እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል፤ ተመርጦ ያለቀውን ሰው ነው እንድንመርጥ የተጠራነው። ነገር ግን እግዜር አይቶልን ሰው ደረሰን። እሑድ እሑድ የቀበሌው ሊቀ መንበር መፈክሩን አስጩኾን ሲያበቃ፣ መምህር ከአዳራሹ ወጥተው ደረጃው ላይ ይቆማሉ። ምን እንደ መጣ፣ የት እንደሚገኝ፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ ይነግሩናል። ላምባ ሕብረት ሱቅ መቼ እንደሚገባ፣ የሕፃናት ክትባት የት እንደሚሰጥ፣ ጣራው የሚያፈስበት ሰው ማንን እንደሚጠይቅ፣ ሁሉንም ከልባቸው ነው የሚያስረዱት።

ከሁሉ የወደድንላቸው ግን የሌለውን የለም ማለታቸውን ነው። አንድ ቀን «ስኳር አልመጣም። መቼ እንደሚመጣም አላውቅም። ይመጣል ያላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል» ብለው ሲናገሩ ሰው ደንግጦ ወደ ሊቀ መንበሩ አየ። የሰፈሩ አራዶች «የኛ ሬዲዮ» የሚል ስም አወጡላቸው። አንዱ ቀበል አደረገና «ምን ነካህ፣ ሬዲዮማ ይዋሻል!» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ጆሮ ጠቢ በነበረበት ዘመን። «መምህር ብለዋል» ከተባለ በሰፈራችን ክርክር አልነበረም።

ስለ ላምባውና ስለ ስኳሩ ተነግሮ ሲያበቃ እናቶች ይከብቧቸዋል። ስለ ጦር ሜዳ ጮክ ብሎ መጠየቅ ስለማይቻል በሹክሹክታ ነው። መምህር ወታደሮች የሚታከሙበት ሆስፒታል እየሄዱ የሰፈሩን ልጆች ይፈልጉ ነበር። እትዬ አስካለ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠጉት።

«መምህር፣ የኔስ?»

«አልሰማሁም እትዬ። የሰማሁ ዕለት ራሴ ቤትዎ ድረስ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

እንዳሉትም መጡ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ገና በቅጡ አልነጋም። ሥራ ከመሄዴ በፊት ፊቴን ልታጠብ ውሃ እያሞቅሁ የእትዬ አስካለ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ ሦስት ሰዎች ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። አንዱ መምህር ናቸው። ሁለተኛው የዕድራችን ሰብሳቢ አባባ ወርቁ፣ ሦስተኛው ጥግ ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሰዒድ።

በአገራችን ሽማግሌ ይዞ በማለዳ በር የሚያንኳኳ ሰው ይዞት የሚመጣው ነገር አንድ ነው። ለዚያ ማስረጃ አይጠየቅም። እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው ሦስቱን አንድ ላይ ሲያዩ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ታምራቴን!»

«እትዬ፣ ኧረ ተዉ! የምሥራች ነው! ታምራት በሕይወት አለ። ቆስሎ ነው፤ እዚሁ ሆስፒታል ተኝቷል» አሉ መምህር።

ምን ዋጋ አለው። መርዶ ነጋሪ መቼ «ሞተ» ብሎ ጀምሮ ያውቃል? «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው፤ «ሆስፒታል ገብቷል» ነው የሚባለው፤ ዘመድ ወዳጅ እስኪሰበሰብ፣ ባለ ሐዘኑን ደግፎ የሚይዝ ሰው እስኪገኝ። መምህር የተናገሩት እውነት ቃል በቃል መርዶ ሲነገር የሚባለው ሆነ።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ሮጦ መጣ። መምህር ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ «በዓይኔ አይቼዋለሁ! ትናንት ማታ በእጄ ጨብጬዋለሁ!» ይላሉ። ከወዲያ የሚኖሩት እማማ በላይነሽ እያለቀሱ «ባሌ የሞተ ዕለትም እንዲሁ ብለውኛል። አሁን ሾርባ ጠጣ ብለው ምለውልኛል» አሉ። መምህር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «እባካችሁ እናንተ ንገሯቸው!» ብለው ለመኑ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አባባ ወርቁ በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ መምህር መንገድ ላይ ስለ መቁሰሉ ሲያወጓቸው ለእሳቸውም አለዝበው የሚነግሯቸው መስሏቸው ነበር። ልጁን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸውና። ሐጂ ሰዒድ ደግሞ ታምራትን ከሱቃቸው ደጃፍ ኳስ ሲያባርር ነው የሚያውቁት፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል። ሴቶቹ ያንን እንባ አዩ። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማል።

መምህር ለምን ሽማግሌ ይዘው መጡ? ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ቤት በዚያ ሰዓት ብቻቸውን መግባት ነውር ስለ መሰላቸው ነው። በዚያ ላይ እሳቸው ለሸንጎው ስብሰባ ይፈለጋሉ፤ እትዬን ደግፎ ሆስፒታል የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል። ለምን በማለዳ? የልጁ ቁስል ከባድ ስለነበረ፣ ቀን የሚሰጥ ስላልመሰላቸው ነው። ሁሉን ያሰቡ ሰው ከደጅ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ ብቻ አላሰቡም። ደስታ ያስቸኩላል።

መምህርን ለስብሰባው ሊወስድ ዋናው መንገድ ላይ የቆመው መኪና ክላክሱን ደጋግሞ አሰማ። በዚያ ዘመን ከሸንጎ ስብሰባ መቅረት ቀልድ አይደለም። መምህር ክንዴን ያዙኝ።

«ብርቄ፣ ልጁ ይጠብቃቸዋል። ጠዋት ይመጣሉ ብዬዋለሁ። እንደ ምንም ብለሽ ውሰጃቸው።»

ሞከርኩ። እትዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። «አንቺም ብርቄ?» ብለው አዩኝ። ሴቶቹም ተቆጡኝ፤ የሌለ ተስፋ ሰጥተሽ ሁለቴ ልትገያት ነው አሉ። ብቻዬን ሆስፒታሉ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ወታደር ቤተሰብ መሆኔን ጠየቀኝ። ጎረቤት ነኝ አልኩት። «እናቱ ራሷ ትምጣ» ብሎ መለሰኝ። አለ ወይም የለም እንኳ አላለኝም። ተመልሼ ይህንኑ ስናገር እማማ በላይነሽ «አየሽ? ቢኖር ኖሮ ያስገቡሽ ነበር» አሉ። ድንኳኑ በዚህ መካከል ተተክሎ አልቋል።

መምህር ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ክፍለ ሀገር ለጉብኝት ተወስደው ኖሮ የተመለሱት በሰልስቱ ማግሥት ነው። እኔም ከሥራ እየተመለስኩ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ድንኳኑን አዩ።

«ማን ሞተብን ብርቄ?» አሉኝ።

ታምራት ነው ብዬ እንዴት እመልሳለሁ? የሆነውን ነገርኳቸው። ወዲያው ዞሩ። ቸርችል ጎዳና ወጥተን ታክሲ ያዝን። የሆስፒታሉ በር ለእሳቸው መታወቂያ ቶሎ ተከፈተ። ታምራት ተኝቶበት ነበር ያሉት አልጋ ላይ ሌላ ወታደር ተኝቷል።

ነርሷ ወጣት ነች። «የታምራት ቤተሰብ ናችሁ?» ብላ ጠየቀችንና ወደ ጥግ ወሰደችን። ከዚያ ነገረችን። ትናንት ከሰዓት ነው ያረፈው። ጠያቂ ስላልነበረው ዛሬ ጠዋት ተቀብሯል።

«ዓይኑ ከበሩ ላይ አይነሳም ነበር። እናቴ ፒያሳ ነች፣ ሩቅ አይደለችም፣ በእግሯም ብትመጣ ትደርሳለች ይለኛል» አለችን። ቀጥላም «ምነው ቀሩ?» አለች።

ልትወቅሰን አይደለም፤ ገርሟት ነው። እናቱ የቀሩት እሱን እያለቀሱ ስለነበረ ነው። ይህንን ለሰው መናገር ይቻላል? መምህር ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ስንመለስ ከታክሲው ቀድመን ወርደን የቸርችልን ዳገት በእግር ወጣነው። ለእትዬ እንዴት እንደሚነገር እያሰብኩ ነበር። የሞተ ልጅ እንደ ገና ሲሞት መርዶው እንዴት ይነገራል? ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አባቶቻችን አልተዉልንም።

እትዬ አስካለ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተላልጦ፣ ጥቁር ለብሰው፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆነዋል። መምህርን ሲያዩ በእጃቸው ጠሯቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እርስዎ ዋሽተው አያውቁም። ያን ዕለት ያሉኝ እውነት ቢሆንስ? ልጄ አልጋ ላይ ሆኖ ቢጠብቀኝስ? ይውሰዱኝ።»

ይህን እያሉ ለመነሳት መሬቱን ተደግፈዋል። መምህር እትዬ ፊት በጉልበታቸው ወደቁ።

«አይ እትዬ። ያን ዕለትም መርዶ ነበር። አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነው የዋሸሁዎት። ታምራት የወደቀው እዚያው ጦር ሜዳ ነው። እዚህ አልመጣም። ብዙም አልተሰቃየም።»

እትዬ ትኩር ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ተመስገን» አሉ። «ሳይጠብቀኝ ነዋ የሄደው።»

አባባ ወርቁ እንዳልኩት ነው በሚል ዓይነት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

መምህር በዚያች ውሸት የነበራቸውን ሁሉ ከፈሉ። በሚቀጥለው እሑድ ደረጃው ላይ ቆመው «ላምባ ሐሙስ ይገባል» ሲሉ ከኋላ አንዱ «እንደ ታምራት ሆስፒታል እንዳይሆን!» አለ። ሰው ሳቀ። የእኛ ሰፈር ሐዘንን እንኳ ሳይቀልድበት አያልፍም። መምህር አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና ስለ ክትባቱ ቀጠሉ። ላምባው ሐሙስ ገባ፤ ያላመነው ሰው ግን ሳይሰለፍ ቀረ። እየዋለ እያደረ ደረጃው ሥር የሚቆመው ሰው ሳሳ። እናቶቹም መጠየቅ ተዉ። ልጁ ለሞተበት ሰው «አለ» ብሎ የሚነግር፣ የኔንስ ምን ብሎ ይነግረኛል አሉ። መምህርን የጎዳቸው ይኼኛው ይመስለኛል። ከስብሰባ በኋላ ቆመው የሚጠጋቸው እናት እንዳለች ዙሪያቸውን ሲያዩ አያቸው ነበር። ሄጄ ልጩህ፣ እውነቱን ልናገር እልና የእትዬ ፊት ይመጣብኛል።

መንግሥት ተለወጠ፤ ሸንጎውም አብሮ ሄደ። እትዬ አስካለ ብዙ ዓመት ኖሩ። በየዓመቱ የታምራትን ሙት ዓመት ሲያወጡ መምህርን ሳይጠሩ ቀርተው አያውቁም። «መናገር ቢያቅታቸው አልፈርድባቸውም። ልባቸው ሩኅሩኅ ነው» ይላሉ። መምህርም መጥተው የቀረበላቸውን በልተው፣ መርቀው ይሄዳሉ። እኔና እሳቸው በዚያ ቤት ውስጥ ዓይን ለዓይን አንተያይም ነበር።

እትዬ በእርጅና አርፈው የቀበርናቸው ዕለት መምህር ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። አፈሩ ተመልሶ ሰው መበተን ሲጀምር ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ብርቄ፣ አሁን እናትና ልጅ ተገናኙ» አሉኝ። «ጉዴ ወጣ።»

ፈገግ ብለው ነበር፣ እንባቸው ግን ይወርዳል። ዛሬ እሳቸውም የሉም። ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ስለቀረሁ ነው የጻፍኩት። ሳስታውሰው አሁንም አለቅሳለሁ፤ ለታምራት፣ ለእትዬ፣ ለመምህርም። ትክክል አደረጉ ወይ ብትሉኝ አላውቅም። እትዬን ግን አውቃቸዋለሁ። በወዲያኛው ዓለም ከልጃቸው ጉዱን የሰሙ ዕለት መምህርን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያጎርሷቸው ይመስለኛል።