ከ«አለ» በፊት የነበረች ቃል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ ሰይድ የሰጡኝ ዕቃ አንድ የእንጨት ማስመሪያ ነው። ጋሼ ሰይድ መካነ ሰላም ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራቸው። እኔ ባለቤቴ ሞቶብኝ ሁለት ልጆች ይዤ የቀረሁ፣ ታይፕ ከመምታት ሌላ ሙያ የሌለኝ ሴት ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጡኛል ብዬ ስጠብቅ ማስመሪያውን አቀበሉኝ።

«ከምትገለብጪው መስመር ሥር አድርጊው» አሉኝ። «መስመሩን ስትጨርሺ ዝቅ ታደርጊዋለሽ። ገጽ ስትቀይሪ የበፊቱን ገጽ የመጨረሻ መስመር መልሰሽ ታነቢያለሽ። ዐይንሽን አትመኚው።»

ጀማሪ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚሰጠው ማመልከቻ ነው። ከዚያ ውል፣ ከዚያ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ። መጽሐፍ የሚሰጠው ለዋና ጸሐፊ ብቻ ነበር። ባለጉዳዩ ከወግዲም ከአቀስታም ይመጣል።

በመጀመሪያው ወር የአንድ የወግዲ ገበሬ የውርስ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ሟች» የሚለውን ቃል ከአባቱ ስም በፊት ማድረግ ሲገባኝ ከራሱ ስም በፊት አደረግሁት። ልጁ አነበበለት። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «እቴ፣ እኔን እንኳ ለትንሽ ጊዜ ብትተዪኝ» አለኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ሰይድ አልሳቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ሥራ ሳይመሳከር እንዳይወጣ አዘዙ። እኔ ከረቂቁ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ ፋጡማ የታተመውን በጣቷ ትከተላለች።

ከዓመታት በኋላ ዋና ጸሐፊ ሆንኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቼ በዚያ ሥራ አደጉ። መምህር ደምሴ መጽሐፋቸውን ያመጡልኝም ያን ጊዜ ነው።

መምህር ደምሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምሩ ነበር። የጻፉት ስለ አንድ በጭጋግ ስለተዋጠ አገር ነው። አገሩን ሐምሩ የሚባል ንጉሥ ይገዛዋል። የጭጋጉ ሐይቅ ሰው ይወስዳል፤ የገባ አይመለስም። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያነብ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንደኛው መጽሐፍ ደሴ ታትሞ ሲወጣ ግን ተማሪውም የመንግሥት ሠራተኛውም እየተዋዋሰ አነበበው።

ሁለተኛውን ሥራው ስለበዛ ከፋጡማ ጋር ተካፍለን ጻፍነው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እሷ፣ የኋለኞቹን እኔ። ወደ መጨረሻው ስንደርስ ፋጡማ ወልዳ ቤት ዋለች።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ስጽፍ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ትንሹ ልጄ ኩፍኝ ይዞት ትኩሳቱ አልበረደም ነበር። ማስመሪያዬ የገጹን የመጨረሻ መስመር ሸፍኖት ነበር። ገጹን የጨረስኩት መስሎኝ ካለቀው ክምር ላይ ደፋሁት። ዐስርን ሰግጄ ወደ ቤት ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ከአዲሱ ገጽ ጀመርኩ። የበፊቱን ገጽ መልሼ አላነበብኩም። የሚያመሳክረኝ ስላልነበረ ብቻዬን አየሁትና ፍላሹን ወደ ደሴ ላክነው።

መጽሐፉ ሲወጣ የሐሳብ ሱቅ የተከፈተ መሰለ። ደጃችን ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ኮፒ የሚጠብቁት ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ የተደበቀውን ምሥጢር ይፈቱ ነበር። በስልክም ቡድን አላቸው። የንጉሡ ስም እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ በሐመሩ «ሐ»፣ ከዚያ በኋላ በሃሌታው «ሀ» ተጽፏል። ስለዚህ ንጉሡ ሁለት ነው፣ እውነተኛው ተገድሎ መንታ ወንድሙ ዙፋኑ ላይ ተቀምጧል አሉ። አንዱ ተማሪ ይህንን በሠንጠረዥ አውጥቶ ኮፒ ሊያስደርግ እኔው ጋ አመጣው። እስከ ስምንተኛው የጻፈችው ፋጡማ፣ ከዚያ ወዲያ እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። ፋጡማ ስትሰማ «ገዳይዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው» አለችኝ።

ትልቁ ክርክር ግን የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር። ንጋቱ የሚባለው ወጣት ወደ ሐይቁ ይገባል። እጮኛው ብርቄ ዳር ቆማለች። የታተመው እንዲህ ይላል፤ «ጭጋጉ ደረቱ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። አለ።» መጽሐፉ በዚህ ያልቃል።

«አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ በሕይወት ይኖራል ማለት ነው። ከፊቱ የተነገረ ቃል ስለሌለ ጠብቆ ነው የሚነበበው፣ ንጋቱ አልሞተም፣ በሦስተኛው መጽሐፍ ይመለሳል አሉ። ይህንን መጀመሪያ ያለችው ሰዓዳ ናት።

ሰዓዳ የከተማው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። በየቀኑ ኮፒ ልታስደርግ ትመጣለች። ባሏ ኑሩ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ከጅቡቲ ዳርቻ ደውሎ «ጀልባ ልንገባ ነው» ካለ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። አራት ዓመት አልፎ ነበር።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ መምህር ደምሴ የእጅ ጽሑፋቸውን ይዘው መጡ። አልተቆጡም። የገጹን የመጨረሻ መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። እዚያ አንዲት ቃል ብቻ አለች፦ «አትጠብቂኝ»። በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ «አለ» ይከተላል።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ከመታተሙ በፊት የማተሚያ ቤቱን የእርማት ረቂቅ አይተው እንደነበር ነገሩኝ፤ ቃሏ ልባቸው ውስጥ ስለነበረች ወረቀቱ ላይ ያለች መስሏቸው አልፈዋት ነበር።

«እኔ የጻፍኩት ልጅ ሞቷል» አሉኝ። «አንቺ የጻፍሽው ግን አለ። ተማሪዎቹ ደስ ብሏቸዋል። ሦስተኛውን እስክጽፍ ለማንም አትንገሪ።»

እሺ አልኳቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ለሁለተኛው እትም አስቀምጪያቸው ብለው ተዉልኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ጋሼ ሰይድም ስላላወቁ ቀለለኝ። ይህንንም መናገር አለብኝ።

በዚያው ዓመት ከአቀስታ አንድ የእርሻ ባለሙያ ለሰዓዳ ሽማግሌ ላከ። አባቷ የሸሪዓው ዳኛ፣ ቃዲው ዘንድ ቀርባ ከኑሩ ጋር ያሰረችው ኒካሕ እንዲፈርስላት ለመኗት። ሰውየው ደግ እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች። ሽማግሌዎቹ መልስ ሊወስዱ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ኮፒ የሚደረግ ነገር ሳትይዝ መጣች።

«እትዬ ዘይነብ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። «ያቺ ‹አለ› ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?»

እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ። ዐይኗ ግን አልሳቀም። እኔ የባለቤቴን ጀናዛ አይቻለሁ፣ አፈር ሲለብስ ሰምቻለሁ። እሷ ምንም አላየችም። ቃሌንም ሰጥቼ ነበር።

«ትጠብቃለች» አልኳት።

«በቃ፣ እኔም እጠብቃለሁ» አለችና ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያን ቀን ስንት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቼ እንደተቀመጥኩ አላህ ያውቃል። በእኔ ወረቀት ላይ ትጠብቃለች፣ አልዋሸሁም እያልኩ ለራሴ ተከራከርኩ። ሰላቴ ላይ ግን ልቤ አልሰበሰብ አለ።

መምህር ደምሴ መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ታመው ሞቱ። ለቅሶው ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም ነበር። የአግዳሚ ወንበሩ ልጆች ተደርድረው ቆመው ነበር። ከአርባው በኋላ ባለቤታቸው ማተሚያ ቤቱ ሁለተኛውን መጽሐፍ በድጋሚ ሊያትም መሆኑን ነግረውኝ እርማቱን እንድሠራ ጠየቁኝ። የሦስተኛው መጽሐፍ ደብተር ውስጥ የምዕራፍ ርዕስ ብቻ ነበር።

እርማቱን ከመሥራቴ በፊት ስለ ቃሏም ስለ ሰዓዳም ሁሉንም ለጋሼ ሰይድ ነገርኳቸው። «ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ንገሪያት» አሉኝ።

ወረቀቶቹን ይዤ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ሰዓዳ የበፊቱን ገጽ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ አዲሱን ገጽ አነሳችና «አለ» ብላ አላልታ አነበበችው።

«ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ይህ ወረቀት የት ነበር?» አለችኝ።

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

ወረቀቶቹን አስተካክላ መለሰችልኝ። «አባቴም እናቴም ይብቃሽ ብለውኛል። ደክሟቸው ነው እል ነበር» አለች። «ኑሩ ራሱ ቢለኝ ነበር የምሰማው። መጽሐፍ መሆኑን አውቃለሁ፣ እትዬ። ግን እንደዚያ አድርጌ ነበር የያዝኩት።»

አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ማኅተሟን አንስታ ፊቷ ያለውን ደብዳቤ መታች። የአቀስታው ሰው ያን ጊዜ አግብቶ ልጅ ወልዶ ነበር።

እርማቱን ሠራሁ፤ አሁን በሚሸጠው መጽሐፍ ውስጥ ቃሏ በቦታዋ ናት። የስልክ ቡድኑ ለጥቂት ቀን ማተሚያ ቤቱ ምሥጢሩን ሊደብቅ ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ዝም አለ።

ከሦስት ወር በኋላ ሰዓዳ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣች። ለቃዲው የምታቀርበውን ማመልከቻ በእጇ ጽፋ ነበር። ፋጡማ ልትቀበላት ስትነሳ «እትዬ ዘይነብ ይጻፉልኝ» አለች።

ማስመሪያዬን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ጻፍኩ። ለማመሳከር እኔ ከረቂቁ አነበብኩ፣ እሷ የታተመውን በጣቷ ተከተለች። «ባለቤቴ ኑሩ አለ ወይም የለም ለማለት አልችልም» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይቺኛዋ ትጠብቃለች» አለችኝ። «ይቀጥሉ።»

ማመልከቻውን ፈርማ ይዛ ሄደች። ዛሬም መንገድ ላይ ሰላምታዬን ትመልስልኛለች። አልሐምዱሊላህ፣ ይህም የሚገባኝ አልነበረም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ማስመሪያውን ለፋጡማ ትቼላታለሁ። ለጀማሪ ጸሐፊ ያለኝ ይህ ነው። ገጽ ስትቀይሩ የበፊቱን ገጽ የመጨረሻ መስመር መልሳችሁ አንብቡ። የሳታችሁት ቃል ካለ፣ ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩ።