ያልቦካው ጭቃ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነበር። አያቴ ጭቃ መራጊ ነበሩ። ያኔ ፒያሳ አጠገብ፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለውን ባለ ሰገነት አሮጌ ቤት ግድግዳ ያድሱ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ጭዱን ከአፈሩ ጋር እረግጥላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ፋኖሱን ሰቅለው፣ የሚያማቸውን ጉልበታቸውን በከሰል እያሞቁ ያወሩልኛል። የሰነበተው ጭቃ ሽታ፣ ጭሱ፣ ፍሙ አጠገብ ስቀመጥ ቅልጥሜ ላይ እየደረቀ የሚሰነጣጠቀው ጭቃ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ጭቃው ሳይቦካ ተረቱ አያልቅም። የዚያ ሰሞኑ ተረት አብረው ቤት ሊሠሩ ስለተማማሉት ስለ ጦጣና ነብር ነበር። ነብሩ ገብቶ ተኝቷል፣ ጦጣዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ሁልጊዜ እዚያ ሲደርሱ ያቆሙታል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

አንድ ምሽት «ቦካ እንዴ? እውነቱን በይኝ» አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ የሚያምኑት የኔን እግር ነበር።

ያልሟሟው የአፈር ጓል ተረከዜን እየቆረቆረኝ «ቦክቷል፣ አባባ» አልኩ።

ተረቱን ጨረሱልኝ፤ በማግስቱ ግድግዳውን መረጉ። ወር ሳይሞላው ተሰነጣጥቆ ረገፈ። የቤቱ ባለቤት ሰው ፊት ሲጮኹባቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«የጭቃው ጥፋት አይደለም። እጄ ነው፣ አርጅቷል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ነክተው አያውቁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

በኋላ ለልማት ስንነሳ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባን። በቅርቡ በቅርስነት ሳይፈርስ የቀረውን ያንኑ ቤት የሚያድሱ ወጣቶች አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው፣ የጥንቱን አሠራር እንዲያሳዩአቸው አያቴን ለመኑ።

እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው «ይሄ ከድቶኛል፣ ልጆቼ። ሌላ ሰው ፈልጉ» አሏቸው።

ሻይ እየቀዳሁ ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ አያቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አፍሬ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አሉ።

«የተረቱን መጨረሻ ለመስማት።»

እጃቸውን እያገላበጡ ያዩ ጀመር። «መጨረሻውስ ምን ነበር? እኔ ረስቼዋለሁ።»

ነብሩ ተኝቷል፣ ጦጣዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። እኔ ዘንድ የቀረው ተረከዜን የቆረቆረኝ ጓል ብቻ ነው።