ኦድቫር ያመነው በረዶ

ኦድቫር በሰሜን ዋልታ አጠገብ ወዳለችው የኖርዌይ ደሴት፣ ወደ ስቫልባርድ፣ ሲመጣ ሐሳቡ ሁለት ክረምት ከሰል ቆፍሮ ለመመለስ ነበር። ሎፎተን ከሚባለው የኖርዌይ ባሕር ዳር የመጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። የራሱን ጀልባ መግዣ እንዳገኘ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ከዚህ አገር ውልቅ እንደሚል ለሁላችንም ይነግረን ነበር። እኔ ያኔ በማዕድን ሠራተኞቹ መመገቢያ ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ከፈረቃ ወጥቶ ሳህኑን ሲዘረጋልኝ ከፊቱ የሚታየኝ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው።

"ቶርዲስ፣ ዓሣ እንዳትሰጪኝ። ዓሣ ሸሽቼ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት" ይለኛል።

እኔም ሆን ብዬ ዓሣ እጨምርለት ነበር።

ጀልባው ቀረ። በጀልባው ፋንታ ቦርግሂል መጣች። ፖስታ ቤት ትሠራ የነበረች ረጅም ሴት ናት፤ ስትስቅ መንገድ ማዶ ይሰማል። ኦድቫር ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ሳይኖረው በየቀኑ "ደብዳቤ መጥቶልኛል?" እያለ መመላለስ ጀመረ። እሷም አንድ ቀን ተናዳ ራሷ ጽፋ ሰጠችው፦ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ቁም ነገርህን ተናገር፣ ወይ ሰልፉን ልቀቅ።" በሚቀጥለው በጋ ተጋቡ። ቦርግሂል ልትወልድ ዋናው ምድር ላይ ወዳለችው ትሮምሶ ከተማ ወርዳ፣ ሕፃኗን ሲኖቬን ታቅፋ ከአውሮፕላን ስትወርድ፣ ኦድቫር ከነጥላሸቱ ሮጦ ሄዶ የልጂቱን ነጭ ብርድ ልብስ አጥቁሮት ተመለሰ።

እኛ ሁላችን የኖርነው በከሰሉ ነው። ቤታችንን የሚያሞቀው፣ መብራታችንን የሚያበራው፣ ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ያቆመው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ቤት ስንገባ ጫማችንን በር ላይ የምናወልቀው፣ ድሮ የከሰሉ ዱቄት ምንጣፍ እንዳያበላሽ ተብሎ በተጀመረ ልማድ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ጠፍታ ወራት ጨለማ ሲሆን፣ እነ ኦድቫር ከጨለማ ወደ ባሰ ጨለማ ይገቡ ነበር። የከሰሉ ጉድጓድ ጣሪያ የተናደባቸውን ጓደኞቹን በገዛ እጁ ቆፍሮ ያወጣበት ጊዜ ነበር። ስለዚያ አያወራም። ሰው በከሰል ላይ ክፉ ሲናገር ሲሰማ ግን ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

አንድ ቀን ከጉድጓዱ ሲወጣ በጃኬቱ ኪስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ መጣ። ድንጋዩ ላይ የመዳፍ ያህል ሰፊ የሆነ ቅጠል ታትሞበታል፤ ጅማቱ ሁሉ ይታያል። እዚህ፣ ረጅሙ ተክላችን ከቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ምድር፣ ድሮ ደን ነበር ማለት ነው። ድንጋዩን መስኮት ላይ አስቀመጠው። እንግዳ ሁሉ ሳይዳስሰው ከዚያ ቤት አይወጣም ነበር።

ሲኖቬ አድጋ በርገን ከተማ ሄዳ ተማረች፤ የሳይንስ መምህርት ሆነች። ለገና ትመጣ ነበር። በአንድ ክፉ ገና እኔም ተጋብዤ ነበር። ቦርግሂል የደረቀውን የበግ ጎድን በእንፋሎት አብስላ፣ ጠረጴዛው ተሞልቷል። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። በረዶው ላይ የወረደው ዝናብ መልሶ ድንጋይ ሆኖ ሣሩን ስለሸፈነው፣ አጋዘኖች ግጦሽ አጥተው በቤቶቹ መካከል እየተንገዳገዱ ይዞሩ ነበር። አንዷ ደጃፉ ላይ ተኝታ ነበር።

"በገና ዝናብ!" አለች ሲኖቬ በመስኮቱ እያየች። "በልጅነቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።"

"አንቺ ሳትወለጂም ዓለም ነበረች እኮ" አለ ኦድቫር። ተነሥቶ ድንጋዩን አመጣና ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጠው። "ይኸው። ይኼ ቅጠል ሲበቅል መኪና የሚነዳው ማን ነበር? ከሰል የሚያነደውስ? አጋዘኖቹ ናቸው?"

ሁላችንም ሳቅን። ሲኖቬም ሳቀች።

"አባዬ፣ እሱስ ልክ ነህ። ምድር በራሷ ጊዜ ትሞቃለች፣ ትበርዳለችም። ፀሐይ አንዳንዴ ትበረታለች፣ አንዳንዴ ትደክማለች። ምድር ራሷ ስትዞር ዝንባሌዋ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል። እሳተ ገሞራም ለብዙ ሺህ ዘመን ሳያቋርጥ ከተፋ አየሩን በጋዝ ይሞላዋል። ያንተ ቅጠል የበቀለው እንደዚያ ባለ ዘመን ነው።"

"እንግዲያው ተስማማን። ብዪ ብዪ።"

"አልጨረስኩም። ያ ሁሉ ሲሆን የሰው ልጅ ሊቆጥረው የማይችል ዘመን ይፈጃል። ይኼኛውን ግን አንተ በአንድ ዕድሜህ አየኸው። ፀሐይን ሰዎች በየዓመቱ ይለኳታል፤ አልበረታችም። እሳተ ገሞራዎቹ ዛሬ የሚተፉት ከእኛ ጭስ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እንዲያውም ትልልቆቹ ሲፈነዱ አመዳቸው ፀሐይን ጋርዶ ለአንድ ለሁለት ዓመት ያበርዳል።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"እዚያ ደን ውስጥ የነበረው ሁሉ ተቀብሮ ከሰል ሆነ። እኛ አውጥተን አነደድነው። ዘይቱንም፣ ጋዙንም። ጫካውንም መነጠርን። ጭሱ ሄዶ የሚጠፋ ይመስለናል እንጂ አይጠፋም፤ ላያችን ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ሙቀቱን አላስወጣ ብሏል።"

ኦድቫር ሹካውን አስቀመጠ። "'እኛ' ስትዪ እኔን ማለትሽ ነው?"

"አንተን ብቻ አላልኩም።"

"አልሽ እንጂ! በርገን ያስተማረሽ ምን ሆነና? ያ መጽሐፍሽ የተገዛው በምንድን ነው? በጸሎት ነው?"

"አውቃለሁ አባዬ። የሚያመኝም እሱ ነው።"

"አመማት! ጓደኞቼ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሞቱት አንቺን እንዲያምሽ ነው?"

"በቃችሁ!" አለች ቦርግሂል ድስቱን እያነሣች። "ምድር ሞቀች እያላችሁ የእኔን ምግብ አቀዘቀዛችሁት።"

ማንም አልሳቀም። ሲኖቬ ቀኗ ሳይደርስ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ዓመታት ሳይነጋገሩ ቆዩ። ቦርግሂል ስልክ ስታወራ ኦድቫር ጋዜጣ እንደሚያነብ ሆኖ ጆሮውን ይጥላል። ስትጨርስ "ደህና ናት?" ይላል። "ራስህ አትጠይቃትም?" ስትለው ጋዜጣውን ይገልጣል።

እነሱ ሲኳረፉ ነገሩ በዓይናችን ፊት መጣ። ከማዶ ባሕሩን ይነካ የነበረው የበረዶ ግግር ወደ ኋላ እየሸሸ ጥቁር ድንጋይ ገለጠ። ከቤቶቻችን ሥር ያለው ዘላለም የቀዘቀዘ አፈር እየላላ በሮች አልዘጋ አሉ። ኦድቫር የእሱን በር በመላጊያ እየላገ "ቤት ሲያረጅ ያለ ነው" ይል ነበር።

ኦድቫርና ቦርግሂል በፋሲካ ሁልጊዜ ወደ ጎጇቸው ይሄዱ ነበር። ጎጆዋ ከፊዮርዱ ማዶ ናት። ፊዮርዱ ወደ መሬት ጠልቆ የገባ የባሕር ክንድ ነው፤ ክረምት ውሃው በረዶ ሆኖ ሲረጋ ሰው በበረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር እንደ አውራ ጎዳና ይሄድበት ነበር። በዙሪያው በመሬት መሄድም ይቻላል፤ ሸለቆና ግግር እየተሻገሩ ቀን ሙሉ ያደክማል። በዚያ ዓመት ባሕሩ ዘግይቶ ነው የረጋው። ጠዋት ሲጭኑ እኔም ደጄን እየጠረግሁ ነበር።

"ኦድቫር፣ በዙሪያ ሂዱ" አልኩት። "ዘንድሮ በረዶው አልጠናም እየተባለ ነው።"

"አንቺ ደግሞ! እኔ ይኼን በረዶ የማውቀው ሲኖቬ ሳትወለድ ነው።"

ቦርግሂል ሞተሯ ላይ ተቀምጣ ጓንቷን እየሳበች "በዙሪያ ብንሄድ ምን ይለናል? ቀኑ ረጅም ነው" አለችው።

"አርጅተሻል ማለት ነው" አላት እየሳቀ።

"አንተ ቀድመኸኝ አርጅተሃል" አለችውና ሞተሯን አስነሣች። ለእኔ እጇን አወዛወዘች።

የሆነውን በኋላ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። እሱ ፊት፣ እሷ ራቅ ብላ ከኋላ ይሄዱ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ነው። ከመካከል አልፈው ማዶው ሊደርሱ ሲሉ ዞሮ አያት፤ ትንሽ ወደ ግራ ወጥታለች። "በዚህ በኩል" ብሎ በእጁ ጠራት። እሷም ወደ ጠራት ታጠፈች። ድምፅ አልነበረም። ሞተሩ ወደ ኋላው ሰመጠ፤ እሷ እስከ ደረቷ ውሃው ውስጥ ቀረች።

በደረቱ እየተሳበ ሄዶ ገመድ ወረወረላት። ያዘችው። ጎተታት፤ ክርኗን ያሳረፈችበት ጠርዝ ተሰበረ። እንደገና ጎተታት፤ እንደገና ተሰበረ።

"እጄ አይሰማኝም ኦድቫር" አለችው።

"ገመዱን ጠቅልይው፣ ክንድሽ ላይ ጠቅልይው!"

"አንተ ራቅ። ይሰበርብሃል።"

አልራቀም። በስልኩ የጠራው የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ሲደርስ ገመዱ ክንዷ ላይ እንደተጠቀለለ፣ እሱም በሌላው ጫፍ በሆዱ እንደተኛ ነበር። አወጧት። ሐኪሞቹ አልተኙም፤ ብዙ ደከሙ። አልተነሣችም።

በማግሥቱ ሲኖቬ መጣች። ኦድቫር ከወንበር አልተነሣም። ደፍ ላይ ቆማ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀስ ብላ ሄዳ እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሾርባ ይዤ መጥቼ ምድጃው አጠገብ ቆሜያለሁ።

"በይ በይኝ" አላት።

"ምን ልበልህ?"

"ነግሬህ ነበር በይኝ። በይኛ!"

"አልልም አባዬ።"

"ከሰሉን በዚህ እጄ ነው ያወጣሁት። ዕድሜዬን በሙሉ። አቃጠልነው፤ ባሕሩ ሞቀ፤ እናትሽን በላት። ደግሞ እኔው ነኝ በእጄ የጠራኋት።"

ሲኖቬ ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ አደረገች። "አንተ አይደለህም" አለች እያለቀሰች። "አንተ ብቻህን አይደለህም። እኔም በዚያ ከሰል ሞቄ ነው ያደግሁት። መርከቡ፣ ፋብሪካው፣ ከተማው፣ ዓለም ሁሉ ነው ያነደደው። አንተ ልጅህን ልታበላ ነው ጉድጓድ የገባኸው።"

"ያኔ እንደዚያ አላልሽኝም።"

"ያኔ እናቴ ነበረችኝ።"

እኔ ሾርባውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቦርግሂል እዚሁ መቀበር ትፈልግ ነበር። የእኛ ምድር ሬሣ ሳጥን አይቀበልም፤ አፈሩ በውርጭ ሲነፋ የተቀበረውን መልሶ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ አስከሬኗን አስቃጥለን አመዷን በትንሽ ማሰሮ አድርገን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ዳገት ከነጫጭ መስቀሎቹ ጋር አሳረፍናት። ኦድቫር በየቀኑ ይወጣ ነበር። ድብ ስለማይታመን ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ አጎንብሶ፣ ብቻውን።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የከሰሉ ጉድጓድ እንዲዘጋ ተወሰነ። በመጨረሻው ቀን አንጋፋዎቹን ጠሩ። ኦድቫር አልሄድም ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን የድሮ የራስ ቁሩን አድርጎ መጣ። ንግግር ተደረገ፣ ኬክ ተቆረጠ። ሽበታም ወንዶች እንደ ልጅ አለቀሱ። አንዲት ጋዜጠኛ መጥታ ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው።

"ጥሩ ሥራ ነበር" አላት። "ጥሩ ሰዎች ነበርን። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ያነሣው ነበር።" የራስ ቁሩን አወለቀ። "መዘጋቱም ጥሩ ነው። ዘግይቷል።"

"ሁለቱም እንዴት ይሆናል?" አለችው።

"እኔም አላውቅም ልጄ። ሁለቱም ሆኖብኛል።"

እዚህ ደሴት ሽማግሌ የሚጦርበት ቤት የለም። ጉልበቱ ሲደክም ሲኖቬ መጥታ ወሰደችው። ዕቃውን ስናሸክፍ የቅጠሉን ድንጋይ ለትምህርት ቤቱ ልጆች ሰጠው። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኘሁት። መንደርደሪያው ከሥሩ እየቀለጠ ስለሚሰነጠቅ ሠራተኞች ይጠግኑ ነበር፤ በረራው ዘገየ፤ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

"በርገን ዓሣ ያበሉሃል" አልኩት።

"ይገባኛል" አለ። እጄን ይዞ ቆየ። "ዳገቱን እያየሽልኝ፣ ቶርዲስ። አፈሩ ወደ ታች እየሄደ ነው ይላሉ።"

እውነት ነው፤ እየሄደ ነው። መስቀሎቹ ወደ ቁልቁለቱ ዘምመዋል። እንዲያውም መቃብሩ ሌላ ቦታ ይዛወር ይሆናል እየተባለ ነው። በየሳምንቱ እየወጣሁ የቦርግሂልን መስቀል አቃናለሁ፤ ስመለስ ያው ዘምሞ አገኘዋለሁ።

ኦድቫር በርገን ብዙ አልቆየም። ሲኖቬ እንደነገረችኝ፣ በመጨረሻ ወራቱ ማታ ማታ እየተቀመጡ ብዙ ያወሩ ነበር፤ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለተናደው ጣሪያ፣ እኛ ሰምተነው ስለማናውቀው ነገር ሁሉ። የሞተው በእንቅልፉ ነው።

በሐምሌ አመዱን ይዛ መጣች። ቄሱ፣ እሷ፣ እኔና ሁለት የድሮ ቆፋሪዎች ነን ዳገቱን የወጣነው። ከእናቷ አጠገብ አሳረፈችው። ጸሎቱ ሲያልቅ ማንም መሄድ አልቻለም፤ ቆመን ባሕሩን አየን። አንድም በረዶ የለበትም። ሲኖቬ ካፖርቷን አውልቃ ክንዷ ላይ አደረገች።

"ሞቀኝ" አለችኝ። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።