ግራና ቀኙ የጠፋው ዘንግ

ጋሽ ጠመኔ ይህ ስም የወጣላቸው በመምህርነት አይደለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጡት ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ በሄዱ ጊዜ ብቻ ነው። ስሙን ያመጣባቸው ከግራ ጆሯቸው ጀርባ የማይጠፋው ስባሪ ጠመኔ ነው።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የከባድ መኪና ሴሚያስ ሲሠሩ ኖረዋል። ሴሚያስ ከኋላው ዲፍረንሻል ተነሥቶ ጎማውን የሚያዞረው የብረት ዘንግ ነው፤ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ሰው መኪና ሲያደንቅ ሞተሩን ያያል፣ ቀለሙን ያያል። ዘንጉን የሚያስታውሰው የተሰበረ ዕለት ነው። ጋሽ ጠመኔ በዚህ ቅር ብሏቸው አያውቅም። «ስሙ ካልተነሣ ደህና ነው ማለት ነው» ይላሉ።

የተሰነጠቀ ዘንግ በዓይን አይለይም። እርሳቸው ግን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል። ጠዋት አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ይወለውሉትና ጠመኔ ፈጭተው ይነሰንሱበታል። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ጋዝ መልሶ ይተፋል፤ ነጩ ዱቄት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ጋሽ ጠመኔ «በቃህ፣ አገልግለሃል» ብለውት በሁለት እጃቸው አቅፈው ወደ ውዳቂ ብረቱ ይወስዱታል። መሣሪያ ያላቸው ወጣት መካኒኮች በዚህ ይስቁባቸዋል። ይሳቁ እንጂ፣ ከእርሳቸው እጅ የወጣ ዘንግ መንገድ ላይ ያስቀረው ሾፌር አልነበረም።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ልጃቸው መኪናዋን ይዛ መጣችባቸው።

ሚጣ ይሏታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አግብታለች፤ በሥራ ቀን ነጭ ጋውን ለብሳ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ታድላለች። ቅዳሜ ሲሆን ግን የራስ ቁር ታጠልቅና ዘጠኝ መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ውስጥ ትገባለች። ውድድሩ ድራግ ይባላል። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፤ አረንጓዴ መብራት ሲበራ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ መብረር ነው። አሥር ሰከንድ አይሞላም። መሪ ማዞር የለም፣ መቅደም መከተል የለም፤ ከቆመበት ተፈናጥሮ መነሣት ብቻ ነው። ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት በአንድ ቅጽበት የሚያርፈው ደግሞ በሁለቱ ዘንጎች ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ሚጣ ሦስት ዘንግ ሰበረች። የመጀመሪያው ከገበያ የተገዛ ነበር። ኩሽኔታው የሚያርፍበት ትከሻው በስለት እንደ ተቆረጠ ቀጥ ያለ ማእዘን ነበረውና ከዚያው ላይ ቋ አለ። ሁለተኛው የተሰበረው ጎማው መሬቱን ነክሶ በመሄድ ፈንታ እየነጠረ ስለ ተነሣ ነው፤ እየነጠረ ያረፈ ቁጥር ዘንጉን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ያ ስብራት ዘንጉ የሚገባበትን የብረት ቤት አጎበጠው፤ የጎበጠው ቤት ደግሞ ሦስተኛውን ሰበረ። በሦስተኛው ጎማው ራሱ ወልቆ ወጣና መኪናውን ቀድሞ ሄደ። የዚያን ቀን መጨረሻው መስመር ላይ አንደኛ የገባው የሚጣ ጎማ ነው እያሉ ተመልካቾች ሳምንቱን ሲስቁ ሰነበቱ።

እናቷ አልሳቁም። ሰፈሩ እትዬ ሰፊዋ የሚላቸው የጋሽ ጠመኔ ባለቤት ቤታቸው ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣውም እንደ ስፌታቸው የጠበቀ ነው።

«ሦስት ጊዜ ዝም አልኩ» አሉ በማግሥቱ ምሳ ላይ። «ያ ጎማ አጥር ባይመታ ኖሮ ሰው ይመታ ነበር። እሷስ ብትገለበጥ? አራተኛ ከተሰበረ ያቺ መኪና ከዚህ ግቢ አትወጣም። ዓመቱ በሰላም ካለቀ ግን ዳግመኛ አላነሣውም።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ጨርሻለሁ።»

ሚጣ ወደ አባቷ ዞረች። ጋሽ ጠመኔ ጣሪያውን ያያሉ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር በል እንጂ!»

«እናትሽ ጨርሳለች፤ አልሰማሻትም?» አሉና ጎረሱ።

ግን ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ጓሮ ካለችው ሥራ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት የብረት መቅረጫው የቶርኖው ድምፅ አላቋረጠም። የጎበጠውን ቤት አቀኑ። መኪናው እንዳይነጥር የኋላ አሞርዛተሮቹን አስቀየሩ። ከደህና ብረት ሁለት ወፍራም ዘንግ አወጡ፤ ቁመታቸው እኩል፣ ትከሻቸው እንደ ሰው ትከሻ የተድበለበለ፣ ገላቸው ላይ አንዲት ጭረት የሌለባቸው። «ኃይል እንደ ውሃ ነው፤ ማእዘንና ጭረት ሲያገኝ እዚያ ይጠራቀማል» ይላሉ። ስለዚህም ቁጥር አይመቱበትም። በያንዳንዱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነጭ የቀለም መስመር አሰመሩ፤ ከሥሩም በአንዱ «ቀ»፣ በሌላው «ግ» ብለው ጻፉ። ቀኝና ግራ ማለታቸው ነው።

መስመሩ ያለ ምክንያት አልተሰመረም። እንዲህ ያለ ጉልበት ሲያርፍበት ብረት ጥቂት ይጠመዘዛል፤ መስመሩም አብሮ ያዘማል። ሚጣ አራት ጊዜ ስትሞክረው የሁለቱም መስመር በፀጉር ያህል አዘመመና ቆመ። ጋሽ ጠመኔ ደስ አላቸው። ብረቱ ሸክሙን ለምዷል ማለት ነው። የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ይለምዳል። አቀያይረው ከገጠሙት ግን የለመደውን ሁሉ ወደ ኋላ ይፈታዋል፤ ያኔ ነው የሚሰበረው።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ቅዳሜ ዋለ። ጋሽ ጠመኔ ማለዳ ሁለቱን ዘንጎች በጠመኔ መረመሩ። ጥቁር መስመር የለም። ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ሸሚዝ ሊቀይሩ ገቡ።

በዚህ መሐል አማቻቸው መጣ። የሚጣ ባል ላውንደሪ ቤት አለው፤ ሰው ሲያገኝ ከሰላምታው በፊት ኮሌታውን ነው የሚያየው። ሊረዳ ነው የመጣው። ጋሽ ጠመኔ ሲመለሱ እጁን እያደራረቀ በፈገግታ ጠበቃቸው።

«አባባ፣ እንደ መስታወት አደረግሁልዎ!»

ጋሽ ጠመኔ ጠረጴዛውን አዩ። ሁለት ዘንግ፣ ልክ እንደ መንታ፣ ያብለጨልጫል።

«መስመሩስ?»

«ያ ነጩ? አስቸጋሪ ነበር እኮ። በሳሙና እምቢ አለኝ፤ በቲነር ነው የለቀቀው።»

ጋሽ ጠመኔ መቀመጫ ፈለጉ። ያገኙት ክሪክ ነበርና እሱ ላይ ተቀመጡ።

«‹ቀ› እና ‹ግ› የሚል አላየህም?»

«አይቻለሁ። የልጅ ጭረት መስሎኝ...»

ፊደል በሃምሳ ዓመታቸው እቤታቸው የቆጠሩት ጋሽ ጠመኔ ይህን ዋጡት። ሚጣ ግን ቱታዋን ለብሳ ስትደርስና ነገሩን ስትሰማ ዝም አላለችም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው የሚስቱን መኪና ያጥባል?»

«የመኪናሽን ሆድ ዕቃ ነው ያጠብኩት፤ ምስጋናው ይሄ ነው?» አለ ባልዋ።

«አባዬም ጥፋት አለብህ! ቁጥር ምታበት ብዬህ ነበር።»

«ብረት ላይ ቁጥር መምታት በቢላዋ መውጋት ነው!»

«ታዲያ አሁን ዝም ብለን ብንገጥመውስ? ምናልባት ልክ ይሆናል።»

«በ‹ምናልባት› ልጄን መኪና ላይ አላስቀምጥም» አሉ ጋሽ ጠመኔ። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ከክሪኩ ላይ ተነሡና አንዱን ዘንግ አቆሙት። ጫፉ ላይ ዲፍረንሻሉ ውስጥ የሚገቡ ረጃጅም ጥርሶች አሉት። ዘንጉ ሲጠመዘዝ ጥርሶቹም አብረው ያዘማሉና ክር አንጠልጥሎ ከጥርሱ ጋር ያስተያየ ሰው ወዴት እንዳዘመመ ሊያውቅ ይችላል። ግን ያዘመመው የፀጉር ያህል ነው። ጋሽ ጠመኔ መነጽራቸውን አድርገው ቢያዩ አንዱ ጥርስ ሁለት ሆነባቸው። ሚጣ አየችና «ቀጥ ያለ ነው» አለች። አማቻቸው «እኔ ዛሬ ምንም ነገር ባልነካ ይሻላል» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ።

ከቤት ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ሦስቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ። በዚያ ግቢ ውስጥ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ያለ መነጽር የሚያይ አንድ ዓይን ብቻ ነበር። የዚያ ዓይን ባለቤት ደግሞ ሚጣ እንድትተው የሚፈልጉት ሰው ናቸው።

ጋሽ ጠመኔ ራሳቸው ሄዱ። እትዬ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ።

«ግራና ቀኙ ካልተለየ ምን ይሆናል?»

«አትወዳደርም።»

«ተቀያይሮ ቢገጠምስ?»

«ሊሰበር ይችላል። አልገጥመውም።»

«እና እኔን ነው ለይልኝ የምትለኝ?»

«ሌላ ዓይን የለኝም።»

እትዬ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። «አንተ ሰው፣ ጅል ነህ ወይስ ሐቀኛ?»

«ሁለቱንም ብለውኝ ያውቃሉ።»

እትዬ ቀይ ክር መዘዙና ጫፉ ላይ ቁልፍ አሠሩበት። ሥራ ቤቱ ውስጥ ገብተው «ከብርሃኔ ላይ ዞር በሉ» አሉ። ክሩን ከዘንጉ ጫፍ አንጠልጥለው ቁልፉ መወዛወዙን እስኪተው ጠበቁ። ከዚያ አጎንብሰው ጥርሱን ከክሩ ጋር አስተያዩ።

ጋሽ ጠመኔ ዘንጉን ትተው የሚስታቸውን ፊት ነበር የሚያዩት። «አይታየኝም» ቢሉ በቃ። ማንም አይጠይቃቸው፣ ማንም አያጋልጣቸው። ልጃቸው ዛሬ ቤቷ ትውላለች። ሚጣም ይህንኑ ሳታስብ አልቀረችም፤ የራስ ቁሯን ሆዷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

«ይኼ ወደ ቀኝ አዘመመ» አሉ እትዬ።

«ርግጠኛ ነሽ?»

«እጅጌ ሲጣመም አላውቅም? ያንን አቁሙልኝ።» ሁለተኛውም ቆመ። «ይኼ ወደ ግራ።»

ጋሽ ጠመኔ እንዲሁ ማመን ኩራታቸው አልፈቀደምና ፊታቸውን እንዲያዞሩ ለመኗቸው፤ ዘንጎቹን አቀያይረው አቆሙ። እትዬ አዩና ለዩ። እንደገና ፊታቸውን እንዲያዞሩ አደረጉ፤ አሁን ዘንጎቹን ሳይቀያይሩ ተዉአቸው። ለዩ። በሦስተኛው ላይ እትዬ ወገባቸውን ያዙ።

«ሠርግ ቤት የሚደርስ ቀሚስ አለብኝ። ፈተናው አላለቀም?»

«አልፈሻል» አሉ ጋሽ ጠመኔ።

እትዬ ሊወጡ ሲሉ ዘንጉ ጎማ የሚታሠርበትን ክብ ጠርዝ በጣታቸው ነካ አደረጉት። «እዚህ ጠርዙ ላይ ኃይል ያርፋል?»

«እዚያማ ምን ያርፋል።»

«ታዲያ ቁጥርህን ለምን እዚህ አትመታውም?»

ጋሽ ጠመኔ ጠርዙን አገላብጠው አዩት። ሠላሳ አምስት ዓመት! አማቻቸው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አስብበታለሁ» አሉ ጋሽ ጠመኔ።

ውድድሩ የሚደረገው በተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። እትዬ ከዚያ ቀደም መጥተው አያውቁም። ዛሬ ግን ቀሚሱን አጥፈው አስቀምጠው፣ የለየሁት ዘንግ ሲሮጥ ልይ ብለው ተከትለው መጡ። ወደ ዋናው ውድድር የሚያልፉት ስምንት መኪኖች ናቸው፤ ለዚያም እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይሮጣል፤ የሚያዝለት የተሻለው ሰዓት ነው። ሚጣ የመጀመሪያውን ሮጠች። ጋሽ ጠመኔ በጆሯቸው ብቻ አወቁ፤ ሞተሩ አልጮኸም። ቤንዚኑን የረገጠችው እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው። ዘጠነኛ ሆነች።

መኪናው ሲመለስ ጋሽ ጠመኔ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ ግን ቀድመዋቸው በመስኮቱ ጎንበስ ብለዋል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። እንዳይሰበር ብዬ...»

«እኔን ፈርተሽ ነው።»

ሚጣ መሪውን አየች።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ዘንጉን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባትሽ አንድ ስንዝር አላበላሸም። ያየሁትን ካላመንሽ እሺ፣ ውረጂና እንሂድ። ካመንሽኝ ግን እስከ መጨረሻው ርገጪው!»

ጋሽ ጠመኔ የመኪናውን ጣሪያ መታ አድርገው ወደ ኋላ አሉ።

አረንጓዴው በራ። በዚህኛው ሞተሩ እንደ ሰማይ አጓራ፤ አፍንጫው ከመሬት ተነሣ፤ የኋላው ጎማ አንዴ እንኳ ሳይነጥር አስፋልቱን ነክሶ ወጣ። ጋሽ ጠመኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንን «ቋ» ጠበቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ሲቆጥሩ የእትዬ ጥፍር ክንዳቸው ውስጥ ገብቷል። ስምንት ላይ ሲደርሱ ድምፁ ርቆ በረደ።

«አምስተኛ!» ብሎ አማቻቸው ዘለለ። «አለፈች! አባባ፣ አለፈች!»

ከሰዓት በኋላ ሚጣ ሦስት ጊዜ ሮጠች፤ ሁለት አሸነፈች፣ በመጨረሻው ተሸነፈች። የረታት ሰው ከእርሷ በእጥፍ የሚበልጥ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ሊጨብጣት መጥቶ ከመኪናው ሥር አጎነበሰና «ዘንጉን ማን ሠራልሽ?» አላት።

ጋሽ ጠመኔ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ማንም ጠይቆ አያውቅም። ነገር ግን እትዬ ጣልቃ ገቡ።

«እኛ ነን» አሉ። «ማሠራት ከፈለግህ ግን ሰኞ ና፤ ነገ እናርፋለን።»