ለቀይዋ መኪና ፍሬን የመረጥን ሰሞን

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወረድ መንገዱ የሚጠማዘዝበት፣ ከታች ቆላው በሙቀት ደብዝዞ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ስንደርስ ነው የልጅ ልጄ ፍሬኑን አንዴ የረገጠችው፤ ከዚያ ሁለቴ፣ ከዚያ ሦስቴ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ስለ አንዲት የሰንበቴ ገበያ ደንበኛዬ የልጅ ሠርግ እያወራኋት ነበር። እግሯ ሲመላለስ አይቼ በሆዷ እያዜመች ምቱን በእግሯ የምትመታ መስሎኝ ወሬዬን ቀጠልኩ።

«አኮ፣ ዝም በይ» አለችኝ።

አኮ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው፤ አፍ ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። ዝም በይ ብላኝ ግን አታውቅም።

ማርሽ ቀነሰች፤ ሞተሩ ጮኸ። ደግማ ቀነሰች። ከፊታችን ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከኋላው በትልቁ «ማሻ አላህ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጽሕፈቱ እየተለቀ፣ እየተለቀ መጣብን። ያ ረቢ አልኩ በልቤ፣ ድምፅ አላወጣሁም። የእጅ ፍሬኑን ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ እያደረገች መሪውን ወደ ተራራው ጥግ ሰጠችው፤ ጎማዎቹ ጠጠር ውስጥ ገቡና ተንገጫግጨን ቆምን። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ወጣ። ሽታው የተቃጠለ ቀንድ ይመስላል። እጄ የመቀመጫውን ጨርቅ ጨምድዶ እንደያዘ ያየሁት ያኔ ነው።

«ሞቆ ነው» አለች፣ ከንፈሯ ነጥቶ። «የፍሬን ሸራው ሞቆ ነው። ይቺ መኪና ሩጫዋ ከፍሬኗ ይበልጣል። ሌላ ፍሬን ካልገጠምኩላት አንድ ቀን ትጨርሰናለች።»

መኪናዋ አሮጌ ናት። አጭር፣ ቀይ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ከባድ መኪና እየነዳ ባጠራቀመው ነው የገዛት፤ ኋላ ለልጁ ሰጣት። ሲያዩዋት የቤት ዕቃ መግዣ ትመስላለች፤ ቁልፉ ሲዞር ግን ሌላ ነገር ናት። በከተማችን በከሚሴ አስፋልት ላይ ስታልፍ የባጃጅ ነጂዎች «ሒጃቧን አስራ በረረች!» እያሉ ይሳለቁባታል፤ እሷ ደግሞ በመስኮት እጇን አውጥታ ትሰናበታቸዋለች። ሰኞ ሰኞ የስልክ ዕቃና የፀሐይ መብራት ጭና ባቲ ገበያ ትወርዳለች። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ቤት መቀመጥ አልችልበትም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከገበያ ገበያ ስዞር ነው የኖርኩት፣ ድሮ በአህያ፣ ዛሬ በቀይዋ።

እሷ የፊቱን ክዳን ከፍታ የፍሬን ዘይት ጎድሏል እያለች ከትንሽ ጠርሙስ ስትጨምር፣ እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ከኋላ ጎማው አጠገብ መሬቱ ረጥቧል። ጠብታ አየሁ። ሌላም ተከተለ።

ቀና ብዬ አየኋት፤ አታየኝም። በጫማዬ አፈር ገፍቼ እርጥቡን ከደንኩት።

ይህን ለምን እንዳደረግሁ ልናገር። ከባቲ አሞሌ ጨው እገዛለሁ፣ የአፋሮቹን፣ ከብት የሚልሰውን፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ለከብት ባለቤቶች ሰባብሬ እሸጠዋለሁ። የልጅ ልጄ ግን ገና መኪናዋን እንደተረከበች «አኮ፣ የፈለግሽውን ጫኝ፣ ጨው ብቻ መኪናዬ ውስጥ እንዳይገባ። ጨው ብረት ይበላል» ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። ሚኒባስ ላይ ረዳቶቹ ጆንያዬን ሲወረውሩት አሞሌው ይደቃል፤ የደቀቀ አሞሌ ማን ይገዛል? ከመኪናዋ ኋላ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ የትርፍ ጎማ ማስቀመጫ ጉድጓድ አለ። ትርፍ ጎማዋ ስለማትገባበት ባዶውን ነው ያለው። አሞሌዬን በላስቲክ ጠቅልዬ እዚያ እከትና ምንጣፉን መልሼ አለብሳለሁ። እሷ ዕቃዋን ስትሸጥ፣ እኔ ጨዌን ስደብቅ፣ ወራት አለፉ።

አሞሌ ደግሞ ክረምት ላይ ያልበዋል። ላቡ ላስቲኩ ውስጥ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ቀደደውና ጉድጓዱ ውኃ ሆነ። ምን ላድርግ? ከጉድጓዱ ታች ቀዳዳ የደፈነ የጎማ ውታፍ አገኘሁ። ነቀልኩት፤ የጨው ውኃው ወረደ፤ መልሼ ወተፍኩት። ከዚያ ወዲህ ቤት በደረስን ቁጥር፣ እሷ ሶላት ስትሰግድ እኔ ውታፏን እነቅላለሁ። ያን ሰኞ የረጠበውን መሬት ሳይ ያለፈው ሳምንት የጨው ውኃ ተርፎ የሚንጠባጠብ ነው የመሰለኝ። ተያዝኩ ብዬ ነው የከደንኩት።

ፍሬኑ ሲበርድ በትንሹ ማርሽ እየተሳብን ባቲ ገባን። ያን ቀን ጨው አልገዛሁም። ስንመለስም እሷ መንገዱን፣ እኔ እግሯን እያየን መጣን።

ሐሙስ ዕለት ከሚሴ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ጎልማሳ ነው፤ ከልጄ ጋር አብሮ ያደገ፣ ኦሮምኛና አማርኛውን እያቀላቀለ የሚያወራ። የፊት ጎማዎቹን አውልቆ ዲስኩን አሳየን። ብረቱ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል።

«ይሄን ያህል ያቃጠልሽው ምን እያደረግሽ ነው? ማሎ!» አላት፤ እባክሽ እንደማለት ነው።

«ባቲን ነዋ የምወርደው። ትልቅ ፍሬን ፈልግልኝ።»

የጎረቤት መለዋወጫ ነጋዴ ነገሩን ቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ ካርቶን ታቅፎ መጣ። ከውስጡ የወጣው ዲስክ የእንጀራ ሰፌድ ያህላል፣ ዙሪያውን እንደ ወንፊት የተበሳ፣ የሚያብረቀርቅ። ከጎኑ ዲስኩን ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚይዘው ብረት፣ ቀይ ቀለም የተቀባ። የልጅ ልጄ ዓይን እዚያው ቀረ።

«ይሄ ውጭ አገር የውድድር መኪና ላይ የነበረ ነው» አለ ነጋዴው። «ብትረግጪው አስፋልቱን ነው የሚያስቆመው።»

«የጎማዋ ቸርኬ ውስጥ አይገባም» አለ መካኒኩ።

«ቸርኬ ትቀይራላ! ለዚህች መኪና ይነሳታል?»

«ሸራውስ? የውድድር ሸራ ካልሞቀ አይዝም። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ አህያ ቢገባባትስ? ቆይ ላሙቅ ትበለው?»

ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱን።»

«እኔ አህያ ስገዛ ጭኜ ቁልቁል ሳላስኬዳት ገንዘብ አላወጣም» አልኩት። «ይሄን የት አስኪደህ ታሳየኛለህ?»

ሳቁ። የልጅ ልጄም ሳቀች፤ ግን እጇ ከዲስኩ ላይ አልተነሳም። «ሰኞ መውረዴ ነው» አለች። «ትንሹን ገጥሜ እንደገና ቢግልብኝስ? ያን ቀን እግሬ ሥር ምንም አልነበረም እኮ። ባዶ ነው የረገጥኩት።» ይህን ያህል መፍራቷን እስከዚያች ሰዓት አልነገረችኝም።

መካኒኩ ከፊት ጎማው በኩል አሮጌውን ዘይት ሊያፈስስ ብሎን ፈታ። ዘይቱ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ አለ። አንዱ ጠብታ እግሬ አጠገብ ወደቀ። «ጫማዎትን ያሽሹ እማማ፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ያነሳል» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ለዒድ የተገዛልኝ ቡኒ የቆዳ ጫማ ነው። የቀኙ ጫፍ፣ ሰኞ ዕለት አፈሩን የገፋሁበት፣ ቀለሙ ተነስቶ ተልጧል። ጠዋት ሳደርገው አይቼዋለሁ፤ ጠጠር የፋቀው መስሎኝ ነበር። ጠብታውን በጣቴ ነካሁት። ያንሸራትታል። የጨው ውኃ እንደዚህ አያንሸራትትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የጨው ውኃ ነክቻለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ስለ መኪናም አላውቅም፤ ያን ቀን ከኋላ ይንጠባጠብ የነበረው ምን እንደሆነ ግን ገባኝ። ነጋዴው ዋጋ እየቀነሰላት ነው። እሷ ቦርሳዋን ከፍታለች። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ዝም ብል ሰኞ ትወርዳለች።

«ከኋላም እይልኝ» አልኩት መካኒኩን።

«እማማ፣ ዋናው የፊቱ ነው።»

«ከኋላ እይልኝ ነው ያልኩህ!»

ሁሉም ዞሩ። «አኮ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

ነገርኳት። አሞሌውን፣ ላስቲኩን፣ ውታፏን፣ አፈር ያለበስኩትን። ስናገር ፊቷን አላየሁም፤ የተበሳውን ዲስክ ነበር የማየው።

መካኒኩ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ቆየ። «ኮቱ» አላት፤ ነይ ማለቱ ነው። ገባች። በጥፍሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ቀጭን የፍሬን ቱቦ ሲፍቀው እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከውታፏ በታች ያለው ብረት እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ዘይት ፈሰሰ።

«አልሐምዱሊላህ በሉ» አለ። «ኋላው ከያዘ ቆይቷል። ፊቱ ብቻውን ሲጎትት ነው የነደደው። ዘይትሽም እዚህ ነው የሚያልቅ። ያን ሁሉ ትልቅ ዲስክ ብገጥምልሽ ኖሮ፣ ይሄ ቁልቁለት ላይ ፈንድቶ…» አልጨረሰውም።

የልጅ ልጄ ከሥር ወጣች። ጉልበቷን አራገፈች፣ እጇን ታጠበች። ለነጋዴው «ካርቶንህን ዝጋ» አለችው።

«እንዴ! ለአሮጊት ጨው ብለሽ ይሄን ትተይዋለሽ?»

«አያቴን አሮጊት አትበላት» አለችው። እኔን ግን አላየችኝም።

ከመካኒኩ ጋር ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ መረጡ። ቸርኬዋ የሚቀበለው ልኩ አዲስ ዲስክ፣ ያልተበሳ፤ ሙቀት የሚችል ግን ሳይሞቅም የሚይዝ ሸራ፤ ከፊት እስከ ኋላ አዲስ ቱቦ፤ ከፍ ያለ ሙቀት የሚችል ዘይት። አንዱን አንስታ «ይሄ ከዚያ በምን ይበልጣል?» ትለዋለች፣ ትመልሰዋለች፣ ደግማ ታነሳዋለች። እኔ ሰንበቴ ላይ ጊደር ስመርጥ እንደማደርገው።

ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ለሶላት የምታጠብበትን የውዱእ ውኃ ትቀዳልኛለች፣ ቃል ግን የለም። ቅዳሜ መካኒኩ ባለው መሠረት ከቦርከና ወንዝ ወዲያ ባለው ሜዳ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እየነዳች አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪስማማ ፍሬን ደጋግማ ስትይዝ ዋለች አሉ። ለኔ የነገረኝ መካኒኩ ነው። እሑድ ሰንበቴ ሳልሄድ ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት «ሚኒባስ ተሳፈሪ» አለችኝ። በሦስት ቀን የሰማሁት ይህ ብቻ ነው። እኔ ግን ቀድሜያት ወጥቼ ቀይዋ ውስጥ ቀበቶዬን አስሬ ተቀምጫለሁ። «ውረጂ» አለች። አልወረድኩም። በኔ ጥፋት የምትወድቅ ከሆነ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ልሰማው? ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ቢስሚላህ ብላ ገባች።

ኮምቦልቻን አለፍን። ቁልቁለቱ ሲጀምር መስኮቷን ዘጋች፣ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። በየመታጠፊያው እግሯ ወደ ፍሬኑ ሲሄድ የእኔም እግር ወለሉን ይረግጣል። አንዱን መታጠፊያ ያዘች። ሁለተኛውን። ሽታ እንዳለ እያልኩ አየሩን አሸታለሁ። ያቺ ቦታ ደረስን። ስንዞር፣ እንጨት የተሸከመች አህያ፣ ባለቤት የላትም፣ መንገዱ መሀል ቆማለች።

ረገጠች። ቀበቶው ደረቴን ያዘኝ። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ መሬት ጎነበሰ፣ ጎማዎቹ አቃሰቱ፣ ኋላው ሳይወዛወዝ፣ አራቱም ጎማ አንድ ላይ እንደጨበጡት ቀጥ ብላ ቆመች። በእኛና በአህያዋ መካከል አንድ ሰው ተጋድሞ የሚተኛበት ያህል ቦታ ቀርቷል። አህያዋ አየችንና በራሷ ጊዜ ሄደች።

የልጅ ልጄ እግሯን ከፍሬኑ አላነሳችም። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ብትሞቺስ!» ብላ ጮኸች። «ያን ቀን ብትሞቺስ? እኔ እኮ ሸራ ነው እላለሁ፣ ፍጥነቴ ነው እላለሁ! አያቴን በአነዳዴ ገደልኳት እያልኩ ዕድሜዬን ልኖር ነበር እኮ፣ አኮ! ለጨው! ብትነግሪኝ ምን አደርግሻለሁ? ምን አድርጌሽ አውቃለሁ?»

እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ መሪውን ይመታል። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተቆጣኝ ሰው የለም፤ ባሌም፣ አባቴም። አንገቴን ደፍቼ «እውነትሽን ነው፣ ተቆጪ» አልኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ እያንዳንዱ ቃሏ ሲወርድብኝ እየቀለለኝ ነበር። ከኋላችን የመጣ ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፋ፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ተሳደበ። እሷ አልሰማችውም። ገና አልጨረሰችም ነበር።